የምርቃቷ ጣሳ

ለሃያ ስድስት ዓመት የገበሬዎች ማኅበሩን የማዳበሪያ መጋዘን የያዘውን ሰው አገሩ ሁሉ «ጋሽ ጣሳ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት ከአንዲት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። ሥራ የጀመረ ሰሞን ገበሬው ማዳበሪያውን በእፍኙ እየዘገነ ይበትን ነበር፤ እፍኝ ደግሞ እንደየሰዉ ነው፣ የአንዱ እፍኝ የሌላውን ሁለት ያህላል። እሱ ባዶዋን ጣሳ አጥቦ፣ እጅ እንዳትቆርጥ ጠርዟን በመዶሻ ቀጥቅጦ፣ «ለአሥር እርምጃ አንድ ጣሳ፤ አለቀ!» ብሎ ደነገገ። በዚያ ዓመት በቆሎው ሰው የሚውጥ ሆነ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው!

ከልኩ ሌላ ሕጎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው «ደመና አይተህ በትን፣ ዝናቡ ራሱ ያስገባልሃል» የሚል ነው። ሁለተኛውን ሰዉ ይበልጥ ወደደለት። ሻጭ ለደንበኛው ለክቶ ከሰጠ በኋላ ትንሽ ቆንጠር አድርጎ እንደሚመርቅለት ሁሉ፣ ገበሬም ማሳውን ጨርሶ ሲወጣ ለመሬቷ አንዲት ጣሳ ይመርቅላት አለ። «መሬትም እንደ ሰው ናት፤ ስስትህን ታውቃለች» ይል ነበር እየሳቀ። ማሳዎቹ ሁሉ ከዳገቱ ወደ ወንዙ ያዘቀዘቁ ናቸው። ሰዉ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ስለሚበትን የምርቃቷ ጣሳ ሁልጊዜ የምትወድቀው ወንዙ ዳር ነበር። ይህን ልብ ያለ ሰው አልነበረም፤ በምርቃት ላይ ማን ጥያቄ ያነሳል?

ሚስት አላገባም። ወላጆቻቸው ተከታትለው ሲያልፉ ታናሽ እህቱ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ እሷን ሲያለብስ፣ እሷን ሲያስተምር፣ እሷን ሲድር የራሱ ጊዜ ሄደ። ሰው ሲነዘንዘው «ጣሳዬን አግብቻለሁ፤ እሷም አትቆጣኝ፣ እኔም አልቆጣት» እያለ ያልፈዋል። እህትየው እስካሁን «ወንድም ጋሼ» ነው የምትለው። ቤቷ ከእሱ ማሳ ግርጌ፣ ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ ነው። ግቢዋ ውስጥ ያለውን ጉድጓድ የቆፈረላት እሱ ነው፤ ድንጋዩን በገዛ እጁ ደርድሮ፣ መዘውሩን ሰቅሎ፣ የመጀመሪያውን ባልዲ አውጥቶ «ጠጪ፣ ከእናትሽ ወተት የጠራ ነው» ብሏታል። ባሏ ከሞተ በኋላ ጠዋት ወደ መጋዘን ሲወርድ ጎራ ሳይልባት አያልፍም።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው የእህቱ ልጅ ለአራስነት ወደ እናቷ የመጣችው። የወለደችው የመጀመሪያ ልጇን ነው፣ ሴት። አራሷ ጡቷ ቆስሎ ትኩሳት ጣላት፣ ወተቷም ነጠፈ፤ ስለዚህ ሕፃኗ በዱቄት ወተትና በጡጦ ሆነች። ጋሽ ጣሳ ከጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ያነበበውን ይዞ መጣና «እቱ፣ ያልፈላ ውሃ እንዳትሰጪያት» ብሎ አስጠነቀቃት። እህቱ ደግሞ እሱ ያለውን አንዴ ከሰማች ሁለቴ የምታደርግ ሴት ናት። ማሰሮው ከእሳት አይወርድም፤ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ ደግማ ታፈላለች።

በሰባተኛው ሳምንት የሕፃኗ ከንፈር ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ጥፍሮቿ። ጤና ጣቢያ ይዘዋት ሲሮጡ አላለቀሰችም፤ አለማልቀሷ ነው ጋሽ ጣሳን ያስፈራው። ሐኪሙ «ልቧ ሳይሆን አይቀርም» አለ። ቀበሯት። እናትየው ወደ ባሏ ከተማ ተመለሰች፣ አያትየው ግን አንድ ነገር በልቧ ይዛ ቀረች። ሕፃኗ ከመታመሟ በፊት በነበረው ቀን ገበያ ልትሄድ ቸኩላ ውሃው ገና ፈላ ሲል ነበር ያወረደችው። «ቸኩዬ ነው» ትላለች፤ ማንም ሳይጠይቃት፣ ልብስ እያጠበች፣ ሽንኩርት እየላጠች፣ «ቸኩዬ ነው እኮ»። ጋሽ ጣሳ ይህን በሰማ ቁጥር ሽንኩርቱን ከእጇ ተቀብሎ ይልጥላታል።

ወንዙ መታመም የጀመረው ቀደም ብሎ ነበር። መጀመሪያ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ነገር ጋረደው፤ ሰዉ «ወንዙም ለመለመ» ብሎ ቀለደ። በኋላ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፍ ጀመር፤ ሽታው ሲመጣ ቀልዱ ቀረ። ታዲያ ሕፃኗ ከሞተች በሦስተኛው ዓመት አንድ ቀን ቦት ጫማ ያደረገች የውሃ መርማሪ ትንንሽ ጠርሙሶች የታጨቁበት ሳጥን ይዛ መጣች። ከወንዙም፣ ከየጅረቱም፣ ከየጉድጓዱም ቀዳች። ጋሽ ጣሳ «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ለብቻሽ ልትጠጪው ነው?» ብሎ አሳቃት።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ መጋዘኑ ውስጥ ገባች። አሁን አትስቅም። የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ወረቀቷን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ ከምትበትኑት ውስጥ ብዙው በቆሎው ጋ አይደርስም። ዝናብ እየጠረገ ወንዝ ውስጥ ይከተዋል።»

«ዝናቡማ ነው የሚያስገባው!»

«ካፊያው ያስገባል። ዶፉ ግን ይዞት ይሄዳል። እናንተ ደግሞ የምትበትኑት ዶፍ ሊመጣ ሲል ነው።» ጣቷን በካርታው ላይ ወደ ወንዙ ዳር አወረደች። «ከሁሉ የሚብሰው ይሄ የማሳው ጫፍ ነው። እዚህ ላይ ለምን እንደሚከማች አልገባኝም።»

ለጋሽ ጣሳ ግን ገባው። ሳይወድ በግድ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለችው ጣሳ ሄደ።

«አንድ ጉድጓድ ደግሞ በጣም አሳስቦኛል» አለች ሴትዮዋ። ጣቷ ወንዙ የሚታጠፍበት ላይ ቆመ። «ማዳበሪያው ሟሙቶ በመሬት ውስጥ ገብቶበታል። ናይትሬት ይባላል፤ አይሸትም፣ አይጣፍጥም፣ አይመርም። አዋቂን ቶሎ አይጎዳም። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ግን ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ይሆናል። እዚህ ቤት ሕፃን አለ?»

«ነበረች» አለ ጋሽ ጣሳ።

ሴትዮዋ ወረቀቷን አጠፈች። እሱ ግን እንደ ተከሳሽ ተነስቶ ቆመ። «ውሃው እኮ ይፈላ ነበር! ሁለቴ ነበር የሚፈላው!»

«ማፍላት ነፍስ ያለውን ነው የሚገድለው፣ ጋሼ። ይሄ ነፍስ የለውም።» ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። «ሾርባ ብዙ ሲፈላ ጨው ይበረታበት የለ? ውሃው ይተናል፣ ይሄኛው እታች ይቀራል። ማፍላቱ ያባብሰዋል።»

«ያችን ልጅ የገደላት ይሄ ነው ትያለሽ?»

«ላለፈችው መመስከር አልችልም። ለምትመጣው ግን እነግርዎታለሁ፤ ከዚህ ጉድጓድ አንድ ማንኪያ እንኳ እንዳትቀምስ። ከማሳዎቹ በላይ ያለው ምንጭ ንጹሕ ነው። ለቤቱ ሰዎች እኔ ልንገራቸው?»

«እህቴ ናት። እኔ እነግራታለሁ» አለ።

የምትመጣው ደግሞ በመንገድ ላይ ነበረች። የእህቱ ልጅ እንደገና አርግዛ፣ ልትወልድ አንድ ወር ሲቀራት፣ አሁንም ለአራስነት ወደ እናቷ ቤት ልትመጣ ነው። ቀኑ ተቆርጧል። ጋሽ ጣሳ ሊናገር አሥራ ሁለት ቀን ነበረው፤ አሥራ አንዱን በላቸው።

ሰው ይፍረድበት እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የእሱ ስም ደግሞ ከነሕይወቱ በየማሳው ላይ የዋለ ነው። ስድሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያለው ሀብት ያች ስምና ያች እህት ናቸው፣ አሁን ሁለቱን በአንድ አፍ ሊያጣቸው ነው። በአራተኛው ቀን ጨክኖ ሄደ። እህቱ ከገበያ የገዛችውን ቂጡ ወፍራም የሆነ ትልቅ ማንቆርቆሪያ በአመድ እየፈተገች አገኛት።

«እየው ወንድም ጋሼ! ይሄ እሳት ይችላል። ዘንድሮ አልቸኩልም። ግማሹ እስኪተን ነው የማፈላላት!»

ፊቷ በርቷል። ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። ጋሽ ጣሳ «ጥሩ ዕቃ ነው» ብሎ የማንቆርቆሪያውን ጆሮ ነካክቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ዘግቶ፣ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ወጣ። መንገድ ላይ ራሱን ሰደበ። በማግሥቱ ጎራ አላለባትም፤ በሃያ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለት ነገር ተገጣጠመ። ጠዋት የማኅበሩ ስብሰባ አለ፤ መርማሪዋ ለገበሬው ልትናገር፣ እሱም አብሯት ሊቆም ነው። ከሰዓት ደግሞ የእህቱ ልጅ በአውቶቡስ ትገባለች። እህቱ ይህን ከሁለት መቶ ሰው አፍ ብትሰማ ምን ይሰማታል? ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ወረደ።

እህቱ ለእንግዳዋ አልጋ እያነጠፈች ነበር። ማንቆርቆሪያው እሳት ላይ ነው፤ ክዳኑ ይንጠቀጠቃል። «ምነው ጠፋህ? ተጣላን እንዴ?» አለችው።

«እቱ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ሁሉንም ነገራት፤ ደመናውን፣ ዶፉን፣ የማሳውን ጫፍ፣ የምርቃቷን ጣሳ፣ ከሁሉም ማሳ ለጉድጓዷ የሚቀርበው የእሱ መሆኑን። ለሃያ ስድስት ዓመት የመጨረሻዋን ጣሳ የወረወራት ከጉድጓዷ በላይ ባለችው ጥግ መሆኑን ነገራት። እህቱ አንሶላውን በጉልበቷ ላይ እንደያዘች ሰማችው።

«ታዲያ አፍልቼ…» አለች።

እዚህ ላይ አንድ ውሸት ብትኖር ኖሮ ጋሽ ጣሳ በዕድሜው ሙሉ ይከፍልላት ነበር። ነገር ግን ማንቆርቆሪያው እዚያው እሳቱ ላይ ነው፤ ልጅቷም ከሰዓት ትገባለች።

«ማፍላቱ ያባብሰዋል» አለ። «ውሃው ይተናል፣ እሱ ይቀራል።»

አንሶላውን አጣጥፋ ጎኗ አስቀመጠች። «ያን ቀን ቸኩዬ ነው ስል የኖርኩት…»

«አልቸኮልሽም።»

«ያን ቀን ብቻ ነው ደህና ውሃ የጠጣችው በለኛ።»

«እቱ፣ አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። አፍዪ ያልኩሽም እኔ ነኝ፣ ጉድጓዱን የቆፈርኩትም፣ የበተንኩትም…»

«አንተማ ማዳበሪያ ነው የበተንከው» አለች። «ጡጦውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

ተነሳች። ማንቆርቆሪያውን በጨርቅ ይዛ ከእሳቱ አወረደችና ደጅ ወጥታ ደፋችው። የፈላው ውሃ እግሯ ላይ ተረጨ፤ እንኳን ልትጮህ ወደ እግሯም አላየችም። ጋሽ ጣሳ ሊይዛት ሲጠጋ እጇን ዘርግታ አቆመችው።

«ሂድ» አለች። «ስብሰባህ ይረፍድብሃል።»

ስብሰባው ላይ ምን እንዳለ እስካሁን ይወራል። ጣሳዋን ይዞ ወጣ። «ያስተማርኳችሁ ሁለቱም ነገር ስህተት ነው» ብሎ ጀመረ፤ መርማሪዋ በወረቀት የያዘችውን እሱ በአፉ ተናገረው። ሰማዩ ዶፍ ሲያረግዝ አትበትኑ። አንዴ ከምታፈስሱት ሁለቴ ከፍላችሁ ስጡት፣ ከሥሩ ቆፍራችሁ አፈር አልብሱት። ከወንዙ ሃያ እርምጃ ተዉ፣ ሣር ይብቀልበት፤ የሚወርደውን ሣሩ ይያዘው። የምርቃቷ ጣሳ ቀርታለች። አንዱ ከኋላ «ሃያ እርምጃ ምድር ለእንቁራሪት ነው የምንለቀው?» ብሎ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ሳቁን ሊያበርድ «ጋሽ ጣሳ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያጠገበን ጣሳ ዛሬ ምን ነካው?» አለ። «ልጅ ገደለ» አለ ጋሽ ጣሳ። ሳቁ ቆመ።

ሆኖም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ነውና፣ ከዚያ ሁሉ ሰው ሃያ እርምጃ የተወው ሰባት ነው። ስምንተኛው እሱ ራሱ ነው። ሌሎቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላምታ ያሳጥራሉ። የመጋዘኑን ቁልፍ ሳይጠየቅ አስረከበ።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች፣ ደግሞም ሴት። የእናቲቱ ወተት ዘንድሮም አልበቃም፤ ጡጦ መጣ። ጋሽ ጣሳ ባለ አሥር ሊትር አራት ጀሪካን ገዝቶ በየጠዋቱ ሁለቱን እየያዘ ከማሳዎቹ በላይ ወዳለው ምንጭ መውጣት ጀመረ። ዳገቱ ሲወጣ አርባ ደቂቃ ነው፤ ጭኖ ሲወርድ ጉልበቱ ስለሚከዳው ሰዓት ይሞላል። ጀሪካኖቹን እህቱ አጥር ሥር ያስቀምጣል፤ የትናንቶቹ ባዶዎች ታጥበው፣ አጥሩ ላይ ተዘቅዝቀው ይጠብቁታል። እሷ ግን አትወጣም። በዚያች ጠዋት «ሂድ» ካለችው ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰችለትም። ውሃውን ትቀበላለች፣ እሱን አትቀበልም። ጀሪካኖቹ እንዴት እንደሚያበሩ ያይና፣ በአሸዋ ፈትጋ እንዳጠበቻቸው ያውቃል፤ በዚያች ይጽናናል።

አንዳንዴ የእህቱ ልጅ ሕፃኗን ታቅፋ እስከ አጥሩ ትመጣለች። «አጎቴ፣ ይዩዋት እስቲ፣ እርስዎን አትመስልም?» ትለዋለች። እሱ ቀድሞ የሚያየው ከንፈሯን ነው። ቀይ ነው፤ ወተት ቀርቶበታል። ከዚያ ጥፍሮቿን አንድ በአንድ ያያል። ጨርሶ ሲያበቃ ነው ፊቷን የሚያየው። ከቤት ውስጥ የእህቱ ድምፅ «ብርድ ነው፣ ግቢ» ይላል፣ እናትና ልጅ ይገባሉ።

በዚህ ዓይነት ክረምቱ አለፈ፣ በጋው ገባ። በተዋት ሃያ እርምጃ ላይ ሣሩ ጉልበት ደርሶ ነበር። መርማሪዋ መጥታ ከወንዙም ከጉድጓዱም ቀዳች። «ወንዙ ትንሽ ይሻላል» አለችው። «ጉድጓዱስ?» አላት። «መሬት ውስጥ የገባ ቶሎ አይወጣም፣ ጋሼ። አሥር ዓመት፣ አሥራ አምስት ዓመት ሊወስድ ይችላል።» ጋሽ ጣሳ አሥራ አምስቱን በዕድሜው ላይ ደመረ። አንድ የሚያሳፍር ነገር ግን በልቡ ነበር፤ ልጅቷ ቶሎ እንዳታድግ ይመኝ ነበር። ጡጦ እስካለ ድረስ ውሃ ያስፈልጋል፣ ውሃ እስካስፈለገ ድረስ ወደዚያ አጥር መሄጃ አለው።

ሕፃኗ ሰባት ወር ከሞላት በኋላ አንድ ጠዋት ጀሪካኖቹን ሲያወርድ እህቱ አጥሩ ጋ ቆማለች። ሸብታለች፤ ለካ በሩቁ አይታይም ነበር።

«ነገ ወደ አባቷ ትሄዳለች» አለች። «እዚያ የቧንቧ ውሃ አላቸው። ከእንግዲህ አታምጣ።»

ስንት ወር የጠበቀው ድምፅ ነው። «ላንቺስ?» አለ።

«እኔ ከጉድጓዴ እጠጣለሁ።»

«እቱ፣ ተይ፣ እኔን ምን ይከብደኛል…»

«አዋቂ አይገድልም ብላ የለ ሴትዮዋ?» አለች። ዓይኑን አላየችም፤ የምታየው ጀሪካኖቹን ነው። «ቆፍረህልኝ የለ? የቆፈርክልኝን እጠጣለሁ።»

ቂም ይሁን ይቅርታ ጋሽ ጣሳ አልለየውም። ምናልባት እሷም አልለየችውም። ባዶዎቹን ከአጥሩ ላይ አወረደችና በእጁ አቀበለችው፤ ጣቷ ጣቱን ነካው፣ ከዚያ ገባች።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ነቃ። እግሩ ለምዶታልና ጀሪካኖቹን ይዞ ዳገቱን ወጣ፣ ሞላ፣ ተሸክሞ ወረደ። የት እንደሚያደርሰው ትዝ ያለው ማሳው ጋ ሲደርስ ነው። ሣሩ በፀሐይ ቢጫ ሆኗል። የመጨረሻዋን ጣሳ ይጥልባት ወደነበረችው ጥግ ሄደና ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣ ሣሩ ሥር አፈሰሳቸው። መሬቷ ወዲያው ጠጣችው። ከታች፣ ከእህቱ ግቢ፣ መዘውሩ ሲጮህ ሰማ፤ ባልዲው እየወረደ ነበር። ውሃው ጋ ደርሶ እስኪሞላ፣ ተጎትቶ እስኪወጣ ድረስ ባዶ ጀሪካኖቹን ይዞ እዚያው ቆመ።